ለሰርግ የሚበቃ ርካሽ ፍላሽ

ካሜራው ላይ ተሠርታ የምትመጣው ትንሿ ፍላሽ ብርሃኗን በቀጥታ ፊት ላይ ትለቃለች፤ ግንባር ያብረቀርቃል፣ ከጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ስለዚህ ከላይ የሚሰካ ፍላሽ የምንገዛው ለጉልበቱ ብቻ ሳይሆን አንገቱ ስለሚዞርም ነው። ወደ ነጭ ኮርኒስ ቀና ሲያደርጉት ብርሃኑ ተበትኖና ለስልሶ ይወርዳል። ወደ ላይም ወደ ጎንም የማይዞር ፍላሽ የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙ።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ማንዋል ወይስ ቲቲኤል የሚለው ነው። ቲቲኤል ከዋናው ብርሃን በፊት ትንሽ ብልጭታ ይልካል፤ ካሜራው በሌንሱ በኩል የተመለሰውን ለክቶ ኃይሉን ራሱ ይወስናል። እየተሯሯጡ ለሚሠሩት ሥራ ይመቻል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እኔ ለጀማሪ ማንዋሉን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ዋጋው ብቻ አይደለም። በመልስ ዕለት የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ የለበሱ ሰዎች ፎቶውን ሲሞሉት፣ ቲቲኤል በነጩ ተታልሎ ኃይሉን ይቀንሳል። ልብሱ አመድማ ይሆናል፣ ፊት ይጨልማል። በማንዋል አንዴ ያስተካከሉት ኃይል ግን ርቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ነጭ ተለበሰ ጥቁር ያው ነው።

ከማንዋሎቹ የጎዶክስ ቲቲ600 በሰፊው የታወቀ ነው። በ4 ዶብል ኤ ባትሪ ይሠራል፤ ኃይሉ ከሙሉ እስከ 1/128 ይወርዳል። የሬዲዮ መቀበያ በውስጡ ስላለው፣ የጎዶክስ ማስነሻ ካሜራው ላይ ሰክተው ፍላሹን ራቅ አድርገው ማቆም ይችላሉ። የሶኒ ካሜራ ያለው ሰው ቲቲ600ኤስ የሚባለውን ይጠይቅ፤ መሰኪያው ይለያል።

የዚህ ፍላሽ ጋይድ ነምበር 60 ነው። በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 4 ሲካፈል 15 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ግን ጭንቅላቱ እስከ 200 ሚሊሜትር ዙም ተደርጎ፣ ብርሃኑ ጠቦ ሲሄድ ነው። በሰፊ ሌንስ፣ ከኮርኒስ አስመልሰው ሲያነሱ ርቀቱ በብዙ ያጥራል። ሁለት ፍላሾችን ሲያወዳድሩ ቁጥሩ በስንት ሚሊሜትር እንደተለካ ይመልከቱ።

ያገለገለ ፍላሽ ሲያገኙ ደግሞ ይጠንቀቁ። በፊልም ዘመን የተሠሩ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ቀደምት የቪቪታር 283 ምርቶች፣ በመሰኪያቸው ከ200 ቮልት በላይ ስለሚልኩ የዲጂታል ካሜራን ሰርኪዩት ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

በርካሹ ፍላሽ ከተረፈዎት ገንዘብ 8 ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ይግዙ፦ 4ቱ ፍላሹ ውስጥ፣ 4ቱ ኪስዎ ውስጥ።