መጋረጃ የማይከለክለው ዓይን

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ አንድ መንገደኛ ከማረፊያ ቤት ሲደርስ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ በሩን ቆልፎ፣ መጋረጃውን ጋርዶ፣ ማንም አያየኝም ብሎ ያርፋል። ነገር ግን የጠየቀው ዋይፋይ ራሱ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ለመመልከት ሊያገለግል እንደሚችል ያወቁት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ለአንባብያን ልንገልጽ ወደድን።

የዋይፋይ ሞገድ ከአንቴናው ወጥቶ በቤቱ ውስጥ ይሠራጫል። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ስለ ሆነ ከሞገዱ ከፊሉን ይውጣል፤ ከፊሉንም ይመልሳል። ሰው ሲነሣና ሲቀመጥ፣ ሲተነፍስም እንኳ ሞገዱ ጥቂት ይለወጣል፤ ኮምፒውተርም ይህን ለውጥ ለክቶ የገላውን አቋም ይገምታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2013 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት ዲና ካታቢና ፋዴል አዲብ ከግድግዳ በስተኋላ የሚንቀሳቀስ ሰው በዋይፋይ እንደሚታወቅ አሳዩ። በ2022 መጨረሻ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰውን ገላ ቅርጽ በዚሁ ሞገድ ሥለው አወጡ። እነርሱ ዘዴያቸው ከካሜራ ይልቅ የሰውን ገመና ይጠብቃል ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ ካሜራን ሰው አይቶ ይሸሸዋል፤ ሞገድን ማን ያየዋል?

ይልቁንም የሚያሳስበው በ2025 በጀርመን አገር በካርልስሩኸ የተደረገው ምርምር ነው። በ197 ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ፣ ሰዎቹ ምንም መሣሪያ ሳይዙ እየተራመዱ ሲያልፉ ማንነታቸው ያለ ስሕተት ለማለት በሚያስደፍር መጠን ተለይቷል። ለዚህም ያገለገለው፣ ዋይፋይ የሚጠቀሙ መሣሪያዎች ያለ ምስጢር ቁልፍ የሚለዋወጡት መልእክት ነው።

በሞያሌ እንዲህ ተደርጓል ማለታችን አይደለም። በአንድ ክፍል የሠለጠነ ኮምፒውተርም በሌላ ክፍል ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ደግሞም ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሰዋል፤ የጭቃና የእንጨት ግድግዳ ግን ያሳልፈዋል።

የኬንያ ሕገ መንግሥት በ31ኛው አንቀጽ፣ የኢትዮጵያም በ26ኛው የግል ሕይወትን ያስከብራሉ። ኬንያ በ2019፣ ኢትዮጵያም በ2024 ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል። ሁለቱም ለባለቤቱ ፈቃድ ትልቅ ስፍራ ይሰጣሉ። ታዲያ የይለፍ ቃሉን የጠየቀው እንግዳ ፈቅዷል ቢባል፣ ከግድግዳው ማዶ ልጆቿን የምታስተኛ እናት መቼ ተጠየቀች? በ2020 በተመረቀው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መንገደኛ ሁሉ ወረቀቱን ያሳያል፤ ሞገዱ ግን ከአንዱ ሞያሌ ወደ ሌላው ያለ ወረቀት ይሻገራል። የሁለቱ አገር ሹማምንት በዚህ ጉዳይ ላይ ገና ብዙ የሚነጋገሩበት አለ።

እስከዚያው ድረስ የሚሠጋ ሰው ሲተኛ የራሱን መሣሪያ ከመብራት ይንቀል። የጎረቤቱን ለማስነቀል ግን የጎረቤቱን በር ማንኳኳት ይኖርበታል።