እንዝርቴና የልጄ ትምህርት

ልጄ ለሁለተኛ ዲግሪ ፊዚክስ ልትማር ስትነሳ አልመረቅኳትም። ምኞቴ ጤና ወይም አካውንቲንግ ነበር። «ንድፈ ሐሳብ እንጀራ ይሆናል?» አልኳት። አኩርፋ ሄደች። ለወራት የስልክ ወሬያችን ከ«ደህና ነሽ?» አላለፈም።

ባለፈው ክረምት እንጅባራ መጣች። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላባራም። እኔ እሳት ዳር ለጋቢ የሚሆን ጥጥ እፈትላለሁ፤ እሷ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራለች። ዝምታው ከበደኝና «እስኪ የምትሠሪውን ለእኔም ንገሪኝ» አልኳት።

እንዝርቴን ተቀብላ አሾረችው። «እማዬ፣ ሲሾር ጫፉ እንዴት እንደሚወዛወዝ አየሽ?»

ሙዮን የምትባል ቅንጣት አለች። ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ ያህል ትከብዳለች። ራሷ እንደ ትንሽ ማግኔት ስለሆነች ሌላ ማግኔት ውስጥ ስትገባ እንደ እንዝርቱ ትወዛወዛለች። ዕድሜዋ በአማካይ የሰከንድ ሚሊዮንኛ 2.2 ብቻ ነው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር አየራችንን ሲመታ ትፈጠራለች፤ ደጋ ላይ ደግሞ ከቆላ ይበልጥ ትበዛለች። «መዳፍሽን ብትዘረጊ በየሰከንዱ አንድ ያህል ታልፍበታለች» ስትለኝ እጄን ገልብጬ አየሁት።

የንድፈ ሐሳብ ሰዎች የዚህን ማግኔት ጥንካሬ በስሌት ቀድመው ይናገራሉ። ፖል ዲራክ በ1928 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ቁጥሩን 2 ያደርገዋል። እውነተኛው ግን በጥቂቱ ይበልጣል፤ ባዶ የሚመስለው ቦታ ለቅጽበት ብቅ ብለው የሚጠፉ ቅንጣቶች አሉበትና። በ2021 የአሜሪካው ፌርሚላብ ያወጣው ልኬት በጊዜው ከነበረው ስሌት ተለየ። «ያልታወቀ ነገር ተገኘ ይሆን?» ተባለ። ሌሎች ተመራማሪዎች በታላላቅ ኮምፒውተሮች ስሌቱን በሌላ መንገድ ሠሩት። በ2025 የታተመው አዲሱ ስሌት ከልኬቱ ጋር ተስማማ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ?» አልኳት።

ሳቀች። «አንቺስ ክሩ ሲበጠስ ጥጡን ትጥይዋለሽ? ትቀጥይዋለሽ እንጂ።»

የዚያን ቀን ማታ ዘግይቼም ቢሆን መረቅኳት። ስለ እንጀራዋ ዛሬም እሰጋለሁ፤ እናት ነኝና። ግን አሁን ስትደውል የምጠይቃት አላጣም። እናንተም ወላጆች፣ የልጃችሁን ምርጫ ከመንቀፋችሁ በፊት «እስኪ አስረዳኝ፣ አስረጂኝ» በሉ። እኔ ይህን ለማለት ወራት ፈጅቶብኛል።

ጋቢው ሲያልቅ የእሷ ነው።