ሰላጣ ላይ የሚፈሰው ነጭ ማጣፈጫ ምን ይዟል?

ፒያሳ ይገኝ የነበረው አትክልት ተራ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ኃይሌ ጋርመንት መዛወሩ ይታወሳል። ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ቀይ ሥር ለክፍለ ከተማው ነዋሪ ቅርብ ናቸው። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ወገኖችም ሰላጣን ለጤናቸው ሲሉ ያዘወትራሉ። በሎሚና በዘይት ብቻ ይቀርብ የነበረው ሰላጣ ግን አሁን አሁን በካፌዎችም ሆነ በየመኖሪያ ቤቱ በነጭ ድሬሲንግ ታጅቦ ይቀርባል። ድሬሲንግ የሚባለው ከማዮኔዝ ወይም ከዘይት፣ ከወተት ተዋጽኦ፣ ከጨውና ከደቀቁ ቅጠሎች የሚዘጋጅ ወፍራም ማጣፈጫ ነው።

200 ግራም የሚመዝን ሰላጣና ቲማቲም ከ40 ኪሎ ካሎሪ የበለጠ ኃይል አይሰጥም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወይም 30 ግራም ገደማ የሆነ የታሸገ ነጭ ድሬሲንግ በአንጻሩ እንደየምርቱ ቢለያይም 130 ኪሎ ካሎሪ፣ 13 ግራም ስብና 270 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይይዛል። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው መጠን የሚያመለክተው ይህንኑ ሁለት ማንኪያ ነው። ከጠርሙስ በቀጥታ የሚያፈስ ሰው ግን በቀላሉ አራት ማንኪያ ሊጨምር ይችላል፤ ያን ጊዜ አሃዞቹ በሙሉ በእጥፍ ያድጋሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው፣ ማለትም ከ2,000 ሚሊ ግራም ያነሰ ሶዲየም እንዲወስድ ይመክራል። አራት ማንኪያ ድሬሲንግ ብቻውን ከዚህ ገደብ ከሩብ በላይ ይወስዳል። ወጡ፣ ዳቦውና እንጀራው ገና አልተቆጠሩም። የደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በጠርሙሱ ላይ የሚታየው የአረንጓዴ ቅጠል ሥዕልም ተጠቃሚውን ሊያሳስት አይገባም። በድሬሲንግ ውስጥ የሚገባው ፐርሰሜሎ፣ እንስላል ወይም የድንብላል ቅጠል መጠኑ እጅግ ጥቂት በመሆኑ የሚጨምረው ጣዕምን እንጂ ይህ ነው የሚባል ቫይታሚን አይደለም። የማሸጊያ ጽሑፍ ሲነበብ በይዘት ዝርዝሩ መጀመሪያ የተጠቀሰው ነገር በምርቱ ውስጥ በብዛት ያለው ነው፤ በአብዛኛው ዘይት ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሲባል ስብ ከሰላጣ ፈጽሞ ይወገድ ማለት አይደለም። በካሮትና በቆስጣ ውስጥ የሚገኘውና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር በሚገባ የሚዋሐደው ጥቂት ስብ ሲኖር ነው። ጥያቄው የመጠን ነው።

በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ አማራጭ አስቸጋሪ አይደለም። አራት የሾርባ ማንኪያ እርጎ፣ ግማሽ ማንኪያ ዘይት፣ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና በደቃቁ የተከተፈ በሶብላ ወይም የድንብላል ቅጠል ቢቀላቀል ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰውም 50 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ቅጠሉና ነጭ ሽንኩርቱ በርከት ሲሉ ጨውን መቀነስ ይቻላል። ቅጠሉ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። እርጎው ካልተፈላ ጥሬ ወተት የተዘጋጀ እንዳይሆን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጥሬ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎችን ያስተላልፋል።

ማዮኔዝ እንቁላል ስላለው በጾም ወቅት አይቀርብም። በምትኩ የሚዘጋጀው «የጾም ማዮኔዝ» ከዘይት የሚሠራ በመሆኑ ጾም መሆኑ ስቡን አይቀንሰውም። ተወቅጦ በውኃ የተበጠበጠ ሱፍ ወይም ተልባ በሎሚ ተቃኝቶ ቢጨመር የተሻለ ነው።

በጥሬ እንቁላል የተዘጋጀ ማዮኔዝ ሳልሞኔላ ሊያስከትል ስለሚችል ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና አረጋውያን እንዳይመገቡት ይመከራል። የተከፈተ ድሬሲንግ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ገበታ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውም መወገድ አለበት። በድሬሲንጉ ውስጥ ያለው ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በሚገባ ያልታጠበን ሰላጣ ከጀርም አያጸዳም፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተለያይቶ በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይኖርበታል።

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት አሳሳች ገላጭ ጽሑፍ ያለበትን ምግብ መሸጥ የተከለከለ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት፣ ቀኑ የተፋቀ ወይም ማሸጊያው የተነፋ ምርት ያጋጠመው ተጠቃሚ ምርቱን ሳይጥል ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላል። ሲደውል የምርቱን ስም፣ የመለያ ቁጥሩንና የገዛበትን ሱቅ ቢይዝ ማጣራቱ ይፋጠናል።