ዘረ መልን የሚጎዱ መርዞች፦ ሳይንሱ እንዴት ይመረምራቸዋል? የደቅና የጣና ዳርቻ ነዋሪስ ራሱን እንዴት ይጠብቃል?

ደቅ በጣና ሐይቅ ላይ ከሚገኙት ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ነው። የደሴቱ ነዋሪ የሚያርሰው፣ እህሉን የሚያከማቸውና ከብቱን የሚያረባው በዚያው ሐይቅ በከበበው መሬት ላይ ነው። በማሳው ላይ የተረጨ ኬሚካል በዝናብ ታጥቦ የሚገባው፣ ልጆቹ ወደሚዋኙበትና እንስራ ወደሚሞላበት ውኃ ነው። በአንድ ደጃፍ የፈሰሰ መርዝ ወደ ቤተሰቡ ማዕድ ለመመለስ የሚጓዘው መንገድ አጭር ነው። ስለዚህም አንዳንድ መርዞች በሰው ዘረ መል ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት፣ ጉዳቱ በሳይንስ እንዴት እንደሚታወቅና ነዋሪው ምን ዓይነት አገልግሎት ከየት ሊያገኝ እንደሚችል ለማስገንዘብ ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

የዘረ መል ቶክሲኮሎጂ ምንድን ነው?

ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለ ረቂቅ ንጥረ ነገር ይገኛል። ሕዋሱ እንዴት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚከፈልና መቼ መከፋፈሉን እንደሚያቆም የሚወስኑት ትእዛዞች የተጻፉት በእርሱ ላይ ነው። አንዳንድ ኬሚካሎችና ጨረሮች ይህን ጽሑፍ ያበላሹታል። ሰውነታችን አብዛኛውን ብልሽት የመጠገን ችሎታ አለው። ጉዳቱ ሲደጋገም ግን ሳይጠገን የሚቀር ስሕተት ይኖራል። ስሕተቱ የሕዋሱን መከፋፈል በሚቆጣጠረው ክፍል ላይ ካረፈ፣ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። በወንድ ወይም በሴት የዘር ሕዋስ ላይ ካረፈ ደግሞ ወደሚወለደው ልጅ ሊተላለፍ ይችላል።

ይህ ዓይነቱ መርዝ ከሌላው የሚለየው በዝምታው ነው። ብዙ ኃይለኛ ፀረ ተባዮች ወዲያውኑ ያስመልሳሉ፣ ያልባሉ፣ ያንቀጠቅጣሉ። ዘረ መልን የሚጎዳው ግን በተወሰደበት ዕለት ምንም ላይሰማ ይችላል። «ስንበላው ኖረናል፣ ምንም አላደረገንም» የሚለው አባባል በዚህ ጉዳይ ላይ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የሳይንሱ አመጣጥና የሙያ ማኅበራቱ ተግባር

እ.ኤ.አ. በ1927 ኸርማን ሙለር የተባለው ሳይንቲስት የራጅ ጨረር የዝንቦችን ዘረ መል እንደሚለውጥ አረጋገጠ። ኬሚካልም ይህን ሊያደርግ እንደሚችል በማሳየት ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ በኤድንብራ ትሠራ የነበረችው ሻርሎት አወርባክ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የመረመረችው ኬሚካል የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን በኢትዮጵያውያን ላይ ያርከፈከፈችው መርዝ ይኸው ነው። ዘረ መልን እንደሚጎዱ መጀመሪያ ከታወቁት ኬሚካሎች አንዱ አስቀድሞ በሕዝባችን ላይ ወርዶ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሌክሳንደር ሆላንደር አስተባባሪነት በአሜሪካ የአካባቢ ዘረ መል ለዋጮች ጥናት ማኅበር ተመሠረተ። በተከታዮቹ ዓመታት አውሮፓና ጃፓን የየራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በአህጉራችንም በዚሁ ሙያ የተሰማሩ ተመራማሪዎች የሚሰባሰቡበት የመላ አፍሪካ ማኅበር አለ። የእነዚህ ማኅበራት ዋና ዋና ተግባራት ተመራማሪዎችን በጉባኤ ማገናኘት፣ የጥናት ውጤቶችን በመጽሔት ማሳተም፣ ወጣት ባለሙያዎችን ማሠልጠንና የመመርመሪያ ዘዴዎች በየአገሩ ተመሳሳይ ውጤት እንዲሰጡ ማስተካከል ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ተግባር ሩቅ ቢመስልም ለደቅ አርሶ አደር ቅርብ ነው። አንድ ፀረ ተባይ ሲመረት ዘረ መልን ይጎዳ እንደሆነ የሚፈተነው በእነዚህ ዘዴዎች ነው። በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያም ከዚህና ከሌሎች የመርዛማነት ምርመራዎች ውጤት የሚመነጭ ነው።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

በሰፊው የታወቀው የመጀመሪያ ደረጃ ምርመራ በብሩስ ኤምስ ስም የሚጠራው ነው። ኤምስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው ዘዴ፣ ሂስቲዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ራሳቸው ለመሥራት የማይችሉ ባክቴሪያዎችን ይጠቀማል። ባክቴሪያዎቹ ሂስቲዲን እጅግ ባነሰበት ሳህን ላይ ሲደረጉ በወጉ ሊራቡ አይችሉም። የሚመረመረው ኬሚካል ዘረ መላቸውን ሲለውጥ ግን አንዳንዶቹ የጠፋባቸውን ችሎታ መልሰው ያገኙና ይራባሉ። በሳህኑ ላይ የሚታዩት ነጠብጣቦች ኬሚካሉ ካልተጨመረበት ሳህን እጅግ በልጠው ከተገኙ፣ ኬሚካሉ ዘረ መልን እንደሚለውጥ ይታወቃል።

በምርመራው ላይ የጉበት ጭማቂም ይታከላል። ምክንያቱም አንዳንድ ነገሮች ጎጂ የሚሆኑት ጉበት ከለወጣቸው በኋላ ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች የተገለጸው የሻጋታ መርዝ ዋነኛ ምሳሌ ነው። በባክቴሪያ የተገኘው ውጤት ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም፤ በሰውና በእንስሳት ሕዋሳት ላይ በሚደረጉ ሌሎች ምርመራዎች ይረጋገጣል።

በጎተራ ውስጥ ያለው አደጋ፦ አፍላቶክሲን

አፍላቶክሲን እርጥበት ባለው በቆሎ፣ ለውዝ፣ በርበሬና በመሳሰለው ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ቱርክ የሚባሉ ከመቶ ሺሕ በላይ የእርባታ ወፎች የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ተመግበው ካለቁ በኋላ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን ካንሰር ማስከተሉ ከተረጋገጠው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ መድቦታል። መርዙ በጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ የካንሰር መከላከያ በሆነው ፒ53 በተባለው ዘረ መል 249ኛ ስፍራ ላይ የተለየ አሻራ እንደሚተው ተደርሶበታል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ አደጋው በእጅጉ ይጨምራል። ስለዚህ የሕፃናትን ክትባት ማስጨረስ ከዚህ መርዝ የመከላከል አንዱ ክፍል ነው።

ጉዳዩ በአገራችን በተጨባጭ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች በሙሉ የአፍላቶክሲን ተዋጽኦ ተገኝቶባቸዋል። ዋነኛው ምንጭ ለላሞች የሚቀርበው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። ላም የሻገተ መኖ ስትበላ መርዙ በወተቷ በኩል ወደ ልጅ ይደርሳል።

ስለሆነም የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል፦

• በቆሎን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በምንጣፍ ላይ በሚገባ ማድረቅ። ድርቀቱን ለማወቅ ጥቂት ፍሬ ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ መነቅነቅ ይቻላል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ለማከማቸት ገና አልደረሰም።
• ጎተራን ከመሬት ከፍ ማድረግና ከጣሪያ ፍሳሽ መጠበቅ፤ ከተቻለም አየር በማያስገባ የእህል ከረጢት መጠቀም።
• የሻገተውን፣ የተሰበረውንና በነቀዝ የተበላውን ፍሬ ለቅሞ መለየት። የተለየውንም «ለከብት ይሁን» ወይም «ለጠላ ይሁን» አለማለት። አፍላቶክሲን ሙቀትን የሚቋቋም በመሆኑ በተለመደው የምግብ አበሳሰል አይጠፋም።

ከአረም ጋር የሚገባ መርዝ፦ ከትግራይ የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ፀዳ እምባ በተባለ መንደር ምንነቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ተከሰተ። ሕሙማኑ ሆዳቸው ይነፋ፣ ይዳከሙ ነበር፤ ብዙዎችም ሕይወታቸውን አጥተዋል። የአገር ውስጥ የጤና ተቋማትና ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ለዓመታት ባደረጉት ምርመራ፣ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ የዕፅዋት መርዝ ዋነኛ መንስኤ ሆኖ ተገኘ። መርዙ የመጣው በማሳ ውስጥ በቅሎ ዘሩ ከእህል ጋር ከሚቀላቀል አረም ነበር። ይህ የመርዝ ወገን ጉበትን ከመጉዳቱም በላይ በዘረ መል ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ዓይነቶች ያሉበት ነው።

እንደ ዳጉሳና ጤፍ ያሉ ደቃቅ እህሎችን ለሚያመርት የጣና ዳርቻ አርሶ አደር ትምህርቱ ግልጽ ነው። ማሳን ከአበባ በፊት ማረም፣ እህልን በሚገባ ማበጠርና መንፋት ከጥራት ያለፈ የጤና ጉዳይ ነው።

የሐይቁ ውኃ

እምቦጭ በጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የሚታይ፣ ሁሉም የሚያውቀው ተንሳፋፊ አረም ነው። ከእርሱ የተለየና በዓይን በቀላሉ የማይለይ ሳይኖባክቴሪያ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስም በሐይቁ ይገኛል። ማይክሮሲስቲን የተባለውን የጉበት መርዝ ሊያመነጩ የሚችሉ የዚህ ተሕዋስ ዓይነቶች በጣና ሐይቅ መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ከመርዙ ዓይነቶች ዋነኛውን «ካንሰር ሊያስከትል የሚችል» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። ማስረጃው እንደ አፍላቶክሲን የተረጋገጠ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል።

ውኃን ማፍላት ጀርሞችን ስለሚገድል ሊቀር የማይገባ ተግባር ነው። ይህን መርዝ ግን አያስወግድም። ስለዚህ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ የተንሳፈፈበት የሐይቅ ዳር ውኃ ለመጠጥ አይቀዳ፤ ከብትም አይጠጣው፤ ልጆችም አይዋኙበት። በተቻለ መጠን የተጠበቀ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውኃ ይመረጥ። ለሁለቱም፣ ለእምቦጩም ለረቂቁ ተሕዋስም፣ መስፋፋት ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ እርከን መሥራትና የሐይቁን ዳር ሣርና ደንገል አለማረስ ውኃውን ያግዛል።

ፀረ ተባይና አረም ማጥፊያ

በአገራችን ሕግ መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ አገር ማስገባት፣ መሸጥም ሆነ መጠቀም የተከለከለ ነው። ምዝገባውንና ቁጥጥሩን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ሆኖም ኬሚካል በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ያለ መለያ ጽሑፍ በሚሸጥበት ጊዜ፣ ምርመራውም ምዝገባውም ገዢውን ሊጠብቁት አይችሉም። ምን እንደተገዛ አይታወቅም፤ ሕፃን ልጅ ውኃ መስሎት ቢጠጣው ሐኪሙ የሚያነበው ነገር አይኖርም።

ስለ አረም ማጥፊያው ግላይፎሴት የሚሰማውን የተለያየ አስተያየት በተመለከተ ነዋሪዎች ሊረዱት የሚገባ ነጥብ አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 «ካንሰር የማስከተል ዕድል ያለው» ብሎ መድቦታል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በዚያው ዓመት ይህ የሚሆንበት ዕድል አነስተኛ ነው ብሏል።  ልዩነቱ በከፊል ከተመዘኑት ማስረጃዎች ልዩነት የሚመነጭ ነው። በሁለቱም በኩል ግን አንድ ነገር አያከራክርም፦ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ባነሰ ቁጥር አደጋው ያንሳል።

• መለያ ጽሑፍ ያለበትን፣ ያልተከፈተና ጊዜው ያላለፈ ምርት ብቻ ይግዙ።
• ሲረጩ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ረጅም ልብስና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ። ነፍሰ ጡሮችና ልጆች ከሥራው ይራቁ።
• መርጫውን በሐይቁ ውስጥ ወይም በዳሩ አይጠቡ። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን ወደ መርጫው መልሰው በማሳው ላይ ይርጩት። ዕቃውን ቀድደው ከጥቅም ውጪ ያድርጉት እንጂ ዘይት ወይም ውኃ አይያዙበት።
• ከርጭት በኋላ በመለያው ላይ የተጻፈው የጥበቃ ጊዜ ሳያልፍ ጫት፣ አትክልትም ሆነ ፍራፍሬ አይልቀሙ፤ ለገበያም አያቅርቡ።

አገልግሎት ወይም መረጃ ለማግኘት

ስለ ፀረ ተባይ አጠቃቀምና ስለ እህል አቀማመጥ በቅድሚያ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያነጋግሩ። የአርሶ አደሮች የስልክ መረጃ አገልግሎት በ8028 አጭር ቁጥር ይገኛል። የተበላሸ ወይም አጠራጣሪ የታሸገ ምግብ ወይም መድኃኒት ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል። ጥቆማ ሲያቀርቡ የምርቱን ስም፣ በመለያው ላይ ያለውን ቁጥር፣ የተገዛበትን ቦታና ቀን ይዘው ይቅረቡ።

በኬሚካል የተመረዘ ሰው ሲያጋጥም ጊዜ ሳያጠፉ ወደ አቅራቢያው የጤና ተቋም ይውሰዱ፤ ጠርሙሱንም ከነመለያው ይዘው ይሂዱ። ከደሴት ወደ ሆስፒታል ለመድረስ ጀልባ መጠበቅ የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ሕይወትን ሊወስን ይችላል።

ዘረ መል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ውርስ ነው። የሚጠበቀውም በላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ጎተራ፣ በየማሳውና በየውኃ መቅጃው ጭምር መሆኑን በመገንዘብ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የበኩሉን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን።