ዘይቷ ተለውጦ መብራቷ ስላልጠፋላት መኪና

ባለፈው የጥቅምት ወር አንዲት የሐይቅ ጎረቤታችን በማለዳ ወደ ቤታችን መጥተው፣ «የኔታ፣ እስቲ ይህን ፈረንጅኛ ያንብቡልኝ፤ መኪናችን አዲስ ዘይት ከተደረገላት ሦስት ቀኗ ነው፤ ዛሬም ግን መብራቷ እንደ በራ ነው» አሉን። ወጥተን ብናይ መኪናዪቱ ከአሜሪካ አገር ተገዝታ የመጣች ቶዮታ ኮሮላ ናት። በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ «ሜይንት ሪኳየርድ» የሚል ብጫ ጽሕፈት በርቷል፤ ትርጓሜውም «ጥገና ያስፈልጋል» ማለት ነው። ልጃቸው ከደሴ ለሱቃቸው ዕቃ የሚያመላልሰው በዚህችው መኪና ሲሆን፣ መብራቱን ያየ አንድ ባለ ጋራዥ «ሞተሩ ካልተከፈተ አይሆንም» በማለቱ መኪናዪቱ ቆማለች። ለዚሁ የተጠየቀውን ብር ለማግኘት እመቤቲቱ ላማቸውን ወደ ገበያ ሊያወጡ አስበው ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ይህ መብራት ዘይቱን አያይም፤ መልኩ ይጥቈር ይንጻ፣ መጠኑ ይጕደል ይሙላ የሚያውቀው የለም። መኪናዪቱ የሄደችበትን ርቀት ብቻ ቈጥሮ፣ 5,000 ማይል ገደማ ሲሞላ ይበራል። እንደ ትምህርት ቤት ደወል ነው፤ ሰዓቱ መድረሱን ይናገራል እንጂ ተማሪው ትምህርቱን ማወቁን አያውቅም። ስለዚህም ዘይቱ ሲለወጥ ቍጥሩን እንደ ገና ከዜሮ እንዲጀምር የሚያዘው ሰው ካልተገኘ፣ መብራቱ እንደ በራ ይኖራል። እንደ ሆንዳ ያሉት አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የዘይቱን ቀሪ ዕድሜ በመቶኛ ያሳያሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ከሞተሩ ዙርና ሙቀት አስልተው ነው እንጂ ዘይቱን ቀምሰው አይደለም።

መብራቱን ከማጥፋታችን በፊት ዘይቱን ራሱን አየን። መኪናዪቱን በደልዳላ ስፍራ አቁመን፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ከቈየ በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘን በጨርቅ ጠረግን፤ መልሰን ከትተን ዳግመኛ ስናወጣው ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ተገኘ። ፊልትሮውም አዲስ ነው፤ ከሥር የሚንጠባጠብም የለም።

ከዚያ በኋላ ልጁን በመሪው ላይ አስቀምጠን ሥራውን አስጀመርነው። ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ወደ «ኦን» አዙሮ፣ በሰሌዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ቍልፍ እየተጫነ «ትሪፕ ኤ» የሚለውን አወጣ፤ በአንዳንዶቹ ኮሮላዎች ግን መታየት የሚገባው ጠቅላላው የመንገድ ቍጥር ነው። ቀጥሎም ሞተር ማስነሻውን ቁልፍ አጠፋ። ያችን ትንሽ ቍልፍ ተጭኖ እንደ ያዘ፣ እንደ ገና ወደ «ኦን» መለሰው፤ እጁንም አላነሣም። በመስኮቲቱ ውስጥ የተደረደሩት ሰረዞች አንድ በአንድ ጠፍተው ዜሮዎች ሲታዩ ብጫው መብራት ጠፋ። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። «ላሜን ሊያሸጠኝ የነበረው ይኸው ነው?» አሉ እመቤቲቱ። መኪናዪቱ በዕድሜዋ የሄደችው ጠቅላላ ርቀት በዚህ አይሰረዝም። አሠራሩ በየመኪናው ዐይነትና በተሠራበት ዓመት ስለሚለያይ፣ በመሳቢያው ውስጥ የሚገኘውን መጽሐፍ መመልከት ያሻል።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ከዚህ ብጫ መብራት ጋር ፈጽሞ መምታታት የማይገባው ሌላ አለ፤ ይኸውም ጀበና የመሰለ፣ ከአፉ ጠብታ የሚወርድ ቀይ ሥዕል ነው። እርሱ የሚናገረው የዘይቱ ግፊት መውደቁን ነው። ሞተሩ እየሠራ ይህ ቢበራ፣ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው ዳገት ላይ እንኳ ቢሆን፣ ዳር ይዞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት እንጂ «ከተማ እስክንደርስ» ማለት አይገባም፤ ብረትና ብረት ያለ ዘይት ሲፋተጉ ሞተሩ የሚበላው በጥቂት ደቂቃ ነው።

ልጁን ስንጠይቅ ግን ከመብራቱ የሚብስ ነገር አገኘን። ዘይት የለወጡለት ሰዎች «በየ5,000 ኪሎ ሜትር» ብለውት ነበር፤ የመኪናዪቱ ሰሌዳ ግን ከአሜሪካ እንደ መጣ በማይል የሚቈጥር ነው። አንዱ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 5,000 ቍጥር እስኪሞላ የጠበቀው ልጅ በእውነቱ የሄደው 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቧራ በበዛበት መንገድ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ መኪና ደግሞ ሠሪዎቹ ራሳቸው ዘይቱ ከወትሮው ቀደም ብሎ እንዲለወጥ ያዝዛሉ። 5,000 ኪሎ ሜትር ማለት በእርሱ ሰሌዳ 3,100 ማይል ገደማ መሆኑን በጣቱ እየቈጠረ ደጋግሞ አሰላው።

አሮጌ መኪና የሚገዙ ቤተ ሰቦችም ይህን ልብ ይበሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ስለከለከለ፣ በእጅ ያለው አሮጌው ተፈላጊ ሆኗል። ዘይቱን ሳይለውጥ ትንሿን ቍልፍ ብቻ ተጭኖ መብራቱን አጥፍቶ የሚሸጥ ሰው ቢኖር፣ ሰሌዳው አይመሰክርበትም። ዘንጉን መምዘዝና መቼ በስንት ቍጥር እንደ ተለወጠ የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዓመት የእኛ ይሁን የፈረንጅ መለየትም አለበት፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አለውና።

የጎረቤታችን ልጅ አሁን ከመሪው በላይ፣ በመስተዋቱ ጥግ፣ አንዲት ቍራጭ ወረቀት ለጥፏል። ቀኑ በዓመተ ምሕረት፣ ርቀቱ በማይል ተጽፎባታል፤ ከሥሯም የሚቀጥለው ቍጥር በቀይ እርሳስ አለ። እናቱ ፊደል ባይቈጥሩም አኀዝ ያውቃሉና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ ሲሄዱ ሁለቱን ቍጥሮች አመሳክረው፣ «ገና ነው» ወይም «ቀርቧል» ይሉታል።