የማሽላ ማማ በባቢሌ

ማማ በማሳ መካከል ወይም ዳር ከመሬት ከፍ ተደርጎ የሚሠራ የእህል መጠበቂያ ነው። አራት ባላ ይተከላል፤ በባላዎቹ ላይ አግዳሚ ይጋደማል፤ በአግዳሚው ላይ ቀጫጭን እንጨት ይረበረባል፤ ከበላዩ በአገዳ ወይም በሣር ጥላ ይደረግለታል። ጠባቂው በመሰላል ወይም ጉጥ በተተወለት ግንድ ይወጣና እህሉ ታጭዶ እስኪነሳ ድረስ ቀኑን፣ አንዳንዴም ሌሊቱን እዚያ ያሳልፋል። ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከአንድ መኸር ስለማያልፍ ማማን ከግንባታ የሚቆጥረው ሰው የለም። ይሁን እንጂ የት እንደሚተከል፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ በምን እንደሚታሰር ለመወሰን የእህሉንም የአጥፊውንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ባቢሌ ደግሞ አጥፊው ከግሪሳ ወፍ እስከ ዝሆን የሚደርስባት አገር ናት።

ከተማዋ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ ድንጋይ ድንጋይን ተሸክሞ በቆመበት በዳካታ ሸለቆ ያልፋል። ባቢሌ የሚባል ወረዳ በኦሮሚያም በሶማሌ ክልልም አለ፤ አራሹም አርብቶ አደሩም ኦሮምኛና ሶማልኛ እያቀላቀለ ይገበያያል። ቆላ ቀመሱ መሬት አሸዋማ ነው፤ ዝናቡም አይታመንም። ለቤት ማሽላ፣ ለገበያ ኦቾሎኒ ይዘራል። የባቢሌ ኦቾሎኒ ስሙ ከአካባቢው አልፎ የታወቀ ነው፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካወጣቸው የኦቾሎኒ ዝርያዎች መካከል በከተማዋ ስም የተሰየሙ አሉ።

ሁለቱ ሰብሎች የሚጠይቁት ጥበቃ አንድ አይደለም። ኦቾሎኒ ፍሬውን ከአፈር በታች ስለሚይዝ የወፍ መንጋ ብዙም አያሰጋውም፤ የሚያሰጋው ነቃዩና ቆፋሪው ነው። ቀን ጦጣ፣ ዝንጀሮና ከርከሮ፣ ሌሊት ጃርት ይመጡበታል። ተክሉ አጭር በመሆኑ ጠባቂው ከጉብታ ወይም ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ሆኖ ማሳውን ሁሉ ያያል፤ በዳካታ አካባቢ ደግሞ ድንጋይ አይቸግርም። ማማ የግድ የሚሆነው ለማሽላ ነው። የሐረርጌ ነባር ማሽላ ረጅም ነው፤ 3 ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል፤ ከመሬት ላይ የቆመ ሰው በውስጡ ከጥቂት እርምጃ በላይ አያይም። ጦጣ ከማሳው ገብታ ስትበላ መኖሯ የሚታወቀው አገዳው ሲወዛወዝ ነው፤ ያንን ደግሞ ማየት የሚቻለው ከላይ ብቻ ነው።

የማማው ከፍታ የሚለካው ስለዚህ በእህሉ ቁመት ነው። ማሽላው 3 ሜትር ከሆነ ርብራቡ 2.5 ሜትር ገደማ ላይ ቢሆን፣ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከእህሉ ራስ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ቆሞ ሲወነጭፍ ደግሞ ክንዱ ከዘለላው በላይ ነፃ ይሆናል። ከዚህ በላይ መውጣት ብዙ አይጠቅምም። ባላው በረዘመ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ጉድጓዱም መጥለቅ አለበት፣ የወደቀ ሰውም የባሰ ይጎዳል። ቦታውን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 100 ሜትር በ100 ሜትር በሆነ አንድ ሄክታር መካከል የተተከለ ማማ ከጎኖቹ 50፣ ከማዕዘኖቹ 70 ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ጥሩ ወንጭፍ የሚደርስበት ርቀት ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሳ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ስለሆነ አንድ ማማ ይበቃዋል፤ ተዳፋት ከሆነ ግን ከመካከል ይልቅ ከላይኛው ጫፍ መትከል ይሻላል። ገደል ወይም ጫካ የሚያዋስነው ማሳ ላይ ደግሞ ማማው ወደዚያ ወገን ይጠጋል፤ ዝንጀሮ ከገደሉ ሲወርድ ቀድሞ መታየት አለበትና።

በእንጨቱ ምርጫ ላይ ዋናው ጠላት ምስጥ ነው። ለጋ እንጨት ተተክሎ ከአንድ ክረምት በኋላ ውስጡ ተበልቶ ልጡ ብቻ ይቀራል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። አምና የተተወ ማማ ላይ ዘንድሮ ሳይመረምሩ መውጣት ስለዚህ አደገኛ ነው። ባላውን ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በድንጋይ መትቶ ድምፁን ማዳመጥና በአንድ እግር መፈተን ከብዙ ስብራት ያድናል። ማሰሪያው ልጥ ወይም የቃጫ ገመድ ነው። ልጥ እርጥብ ሆኖ ከታሰረ በኋላ ሲደርቅ ሊላላ ስለሚችል በሳምንቱ እንደገና ይወጠራል። ሚስማር ፈጣን ቢመስልም በቀጭን እንጨት ላይ ይሰነጥቃል፤ በንፋስም እየተወዛወዘ ይነቀላል።

ማማው ላይ የሚወጣው የጦር መሣሪያ ወንጭፍ፣ ጅራፍና ጉሮሮ ነው። ከማማው እግር እስከ ማሳው ዳር ገመድ ተዘርግቶ ባዶ ቆርቆሮ ይንጠለጠልበታል፤ ጠባቂው ሲጎትተው ዳሩ ይንኳኳል። ከባዱ ጊዜ ማሽላው ወተት ከያዘበት እስኪጠነክር ያለው ነው። ግሪሳ የሚመጣው በዚህን ጊዜ ነው። ይህች ወፍ ክብደቷ 20 ግራም ያህል ነው፤ በቀን የምትበላው 10 ግራም ገደማ ይገመታል። የአንድ ሚሊዮን መንጋ በአንድ ቀን 10 ቶን እህል ያነሳል ማለት ነው፤ እያራገፈ የሚጥለው ሳይቆጠር። እንዲህ ያለ መንጋ ሲወርድ አንድ ማማ ምንም አያደርግም፤ ያኔ ጉዳዩ የመንግሥትና የርጭት አውሮፕላን ነው። ማማ የሚያሸንፈው በመቶና በሁለት መቶ የሚመጣውን ነው። ወፍ በብዛት የሚበላው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመሆኑ ጠባቂው ከወፏ ቀድሞ መውጣት አለበት። ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት ልጆች ናቸው፤ በጥበቃ ወራት ከትምህርት ገበታ የሚቀሩትም በዚህ የተነሳ ነው።

ዝሆን ሌላ ጉዳይ ነው። ከባቢሌ በስተደቡብና ምዕራብ፣ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የባቢሌ ዝሆን መጠለያ አለ፤ ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በአፍሪካ ቀንድ ከሌሎች ተነጥሎ የቀረው ይህ የዝሆን መንጋ ግራርና በለስ እየበላ በሸለቆዎቹ መካከል ይመላለሳል። እርሻና ሰፈራ ወደ መጠለያው በዘለቀ ቁጥር የዝሆኑ መንገድና ማሳው ተገናኝተዋል። ዝሆን እህል ላይ የሚገባው በብዛት ሌሊት ነው፤ በአንድ ሌሊት የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ መብላትና መርገጥ ይችላል። ከዚህ እንግዳ ለመሸሽ ማማው መጠጊያ አይሆንም። አዋቂ ወንድ የአፍሪካ ዝሆን ትከሻው ብቻ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ኩምቢውን ሲዘረጋ ደግሞ 5 ሜትር ላይ ያለ ቅርንጫፍ ይቀነጥሳል። ባለ 2.5 ሜትሩ ርብራብ ከግንባሩ በታች ነው፤ ባላውንም በትከሻው ገፋ ቢያደርገው ይወድቃል። ዝሆን ሲመጣ ማማው የሚጠቅመው ቀድሞ ለመስማትና ጎረቤት ለመቀስቀስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዝሆን በሚመላለስበት ወገን የሚተከል ማማ ከመንገዱ ገለል ማለት፣ መሰላሉም ወደ መንደሩ መዞር አለበት። ዝሆንን ከማሳ ለማራቅ በኬንያ በማሳ ዙሪያ የንብ ቀፎ በሽቦ አያይዞ ማንጠልጠል፣ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ሚጥሚጣ ከእበት ጋር ማጨስ ተሞክሮ ውጤት ታይቶበታል።

ከፍ ብሎ መቀመጥ የጠባቂ ብቻ ሳይሆን የአዳኝም ብልሃት ነው። በህንድ ማቻን የሚባለው የዛፍ ላይ ርብራብ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ገበሬው እህሉን ይጠብቅበታል፣ ጂም ኮርቤት የመሰሉ አዳኞችም ሰው በላ ነብር አድብተውበታል። በአሜሪካ ነጭ ጅራት የሚባለውን አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ደግሞ ዛፍ ላይ የሚሰቀል የብረት መቀመጫ ይጠቀማሉ። አዳኝና ጠባቂ የሚወጡት ግን ለተቃራኒ ጉዳይ ነው። አዳኙ የሚወጣው እንዳይታይ፣ እንዳይሰማና ሽታው ከእንስሳው አፍንጫ በላይ እንዲያልፍ ነው፤ የባቢሌው ጠባቂ ግን የሚወጣው እንዲታይ፣ እንዲሰማና እንዲፈራ ነው። የመሣሪያዎቹ ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አጋዘን በየሳምንቱ መንገድ ስለሚቀይር አዳኙ መቀመጫውን በጀርባው ተሸክሞ ይከተለዋል። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ተራማጅ መቀመጫ ሁለት ክፍል አለው፤ ታችኛው የእግር መቆሚያ፣ ላይኛው መቀመጫ ነው። እያንዳንዱ ግንዱን የሚዞር የብረት ገመድ ወይም ቀበቶ አለው። ሰው ሲጫነው ከግንዱ ማዶ ያለው ገመድ ይወጠራል፣ ወዲህ ያለው ጥርስ ቅርፊቱን ይነክሳል፤ ክብደቱ ሲነሳ ሁለቱም ይላቀቃሉ። ወጪው ላይኛውን ከፍ አድርጎ በክንዱ ይደገፍበታል፣ ታችኛውን በእግሩ ይስበዋል፤ እንደ አባጨጓሬ እየተሰበሰበና እየተዘረጋ ከ4 እስከ 6 ሜትር ይወጣል። ግንድ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ ገመዱ ይሰፋና መድረኩ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ስለዚህ ከታች ሲጀመር ጫፉ ትንሽ ቀና ተደርጎ ይታሰራል። ሁለቱ ክፍሎችም በገመድ ይያያዛሉ፤ ታችኛው ወድቆ ሰው ዛፍ ላይ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአሉሚኒየም የተሠራው ተራማጅ ብዙ ጊዜ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የብረቱ ከዚያ ይከብዳል። ቅለቱ የሚገኘው ግን በነፃ አይደለም። አምራቹ ክብደት የሚቀንሰው መድረኩን በማጥበብ፣ መቀመጫውን በማሳሳትና መደገፊያውን በመተው ነው። ሩቅ የሚሄድና ለጥቂት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ቀላሉን ቢመርጥ ያዋጣዋል፤ ከመኪና ብዙ ሳይርቅ ሙሉ ቀን ለሚያደባ ግን ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሰፋ ያለ መድረክ መግዛት ይሻላል። የተጻፈው የክብደት ልክ፣ አብዛኛው ላይ 136 ኪሎ፣ የሰውየውን ብቻ ሳይሆን የልብሱን፣ የጫማውንና የዕቃውን ሁሉ ይጨምራል። ሲነካካ የሚንኳኳ መቀመጫ ደግሞ የቱንም ያህል ቢቀል ለአዳኝ አይረባም።

ይህ መሣሪያ በባቢሌ ይሠራል ወይ ከተባለ፣ አይሠራም። ተራማጅ መቀመጫ ቀጥ ያለ፣ እስከሚፈለገው ከፍታ ቅርንጫፍ የሌለው፣ ውፍረቱም ከ20 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ይፈልጋል። የባቢሌ ዛፍ ግራር ነው፤ ከታች ጀምሮ ይከፈላል፣ ይጣመማል፣ እሾኩም አያስጠጋም። ቁልቋሉ ደግሞ ቢቆረጥ ዓይን የሚጎዳ ወተት ያፈሳል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ቢበቅልም ቅርፊቱ እየተላጠ ስለሚወድቅ ጥርሱ የነከሰው ቅርፊት ሊከዳ ይችላል። ማሽላ መካከል ደግሞ ዛፍ ራሱ የለም። ለዚህ መልክዓ ምድር የሚቀርበው በደቡብ ቴክሳስ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚታየው ሦስት እግር ያለው መቀመጫ ነው። እግሮቹ ራሳቸው መሰላል ይሆናሉ፣ ዛፍ አይፈልግም፣ ሦስት እግር በወጣ ገባ መሬት ላይም አያነክስም። ከውሃ ቧንቧ ብረት ማንኛውም ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል። ምስጥ አይበላውም፣ በየዓመቱም ባላ አያስቆርጥም፤ በመኸር መጨረሻ ተነቅሎ ቤት ይገባል። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ከሚገዛው ይልቅ ማሳቸው የተጠጋጋ ጎረቤታሞች በጋራ ቢያሠሩት ይቀላል።

የእንጨትም ሆነ የብረት፣ ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው። በአሜሪካ የዛፍ መቀመጫ አምራቾች አዳኙ እግሩ ከመሬት ከተነሳበት እስኪመለስ ድረስ ሙሉ ሰውነት የሚይዝ መታጠቂያ እንዲያደርግ ያሳስባሉ፤ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ የወደቀን ሰው አንጠልጥሎ ሊያፍን ይችላል። ለማሳ ጠባቂ ይህ ሁሉ ባይገኝም ሲወጣና ሲወርድ ምንጊዜም ሦስቱን፣ ሁለት እጅና አንድ እግር ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ከመሰላሉ አለማላቀቅ ይችላል። ድንጋዩንና ውሃውን በእጁ ይዞ ከመውጣት ይልቅ በገመድ በቅርጫት መሳብ አለበት። ጥላው ስር በብርድ ጊዜ እሳት የሚያነድ አለ፤ ርብራቡና ሣሩ ደረቅ ስለሆነ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በሜዳ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው ማማው በመሆኑ ነጎድጓድ ሲጀምርም ልጆች ወዲያው መውረድ ይኖርባቸዋል።

ማማ የመጠበቂያ እንጂ የማደኛ ቦታ አይደለም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ በባቢሌ መጠለያ ውስጥ ደግሞ አደን አይፈቀድም። ዝሆን ማሳው ላይ ሲገባ ከማማው መተኮስ ሳይሆን ለመጠለያው ጠባቂዎችና ለቀበሌው መናገር ያስፈልጋል።