የመረብ ዓይን ስፋት፦ ለዛሬ ገበያም ለነገ ዘርም የሚሆን ልክ

ባሕር ዳር፦ ዓሣ አስጋሪ መረብ ሲገዛ ከዋጋውና ከርዝመቱ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባ ነገር የመረቡ ዓይን ስፋት ነው። የመረብ ዓይን በአራት ቋጠሮዎች መካከል ያለው ቀዳዳ ሲሆን፣ የትኛው ዓሣ እንደሚያዝ፣ የትኛው ደግሞ አልፎ እንደሚሄድ በአብዛኛው የሚወስነው እርሱ ነው።

ዓይኑ የጠበበ መረብ ብዙ ዓሣ ያስገኛል የሚል አስተሳሰብ አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እውነት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሚያዘው አንድ ጊዜ እንኳ ዕንቁላል ያልጣለ ትንሽ ዓሣ ነው። ማሳውን በእሸትነቱ የጨረሰ ገበሬ ለዘር የሚያስቀረው እህል እንደማይኖረው ሁሉ፣ ትንንሹን ዓሣ የጨረሰ አስጋሪም በቀጣዩ ዓመት ባዶ መረብ ይጎትታል።

መረቡ ዓሣን የሚይዘው እንዲህ ነው። ዓሣው ራሱን በዓይኑ ያስገባል፤ ወፍራሙ የሰውነት ክፍሉ ግን አላሳልፍ ይለዋል። ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ክሩ ከስንጥቡ ሥር ይገባና ይይዘዋል። በጣም ትንሹ ዓሣ አልፎ ይሄዳል፤ በጣም ትልቁ ደግሞ ራሱ ስለማይገባ ይመለሳል።

ስፋቱን ለመለካት መረቡን አርሶ አሥር ዓይኖችን በአንድ መስመር መወጠር፣ ጠቅላላ ርዝመቱን መለካትና ለአሥር ማካፈል ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሻጮች የሚናገሩት የተወጠረውን ዓይን ሳይሆን በሁለት ተከታታይ ቋጠሮዎች መካከል ያለውን የአንድ ጎን ርዝመት ነው። በጎን 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ መረብ ሲወጠር 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የተነገረው ቁጥር የየትኛው ልኬት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ልኩን ለመምረጥ ደግሞ ለገበያ የደረሰ ዓሣ ወስዶ ወፍራም በሆነው የሰውነቱ ክፍል ላይ ክር ማዞር፣ ያንንም በሴንቲ ሜትር መለካት ነው። የተገኘው ቁጥር ለ2.5 ሲካፈል ተስማሚውን የተወጠረ ዓይን በግምት ይሰጣል። ዙሪያው 25 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ዓሣ 10፣ ዙሪያው 20 ለሆነ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ዓይን ያለው መረብ ይስማማዋል። ስሌቱ እንደ ቆሮሶ ላሉ ዓሣዎች ይረዳል፤ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ለሆነው አምባዛ ግን በትክክል አይሠራም።

የዓይን ስፋት ብቻውን ግን ለሁሉም መፍትሔ አይደለም። በጣና ሐይቅ በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባሉት ከ15 በላይ ዝርያዎች አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ከእነዚህም የተወሰኑት በክረምት ወራት ዕንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚህ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ ዓይኑ ሰፊ ቢሆንም የሚይዘው ዕንቁላል የተሸከሙ እናት ዓሣዎችን ነው። በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የመረብ ማስገር በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ከተጀመረ ወዲህ የእነዚህ ዓሣዎች ክምችት በእጅጉ መቀነሱን ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ የወንዞችን አፍ ነጻ ማድረግ ከመረብ ምርጫው እኩል ያስፈልጋል።

ከነጠላ የፕላስቲክ ክር የሚሠራው፣ ሞኖፊላመንት የሚባለው መረብም ሌላ ችግር አለው። በውኃ ውስጥ ስለማይታይ ዓሣ በቀላሉ ይይዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ይበጣጠሳል። ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ ስለማይበሰብስ ባለቤት በሌለበት ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። መረብ ከመግዛት በፊት በአካባቢው የተፈቀደውን የዓይን ስፋትና የመረብ ዓይነት በወረዳው ከሚገኝ የግብርና ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ገንዘብንም ንብረትንም ከኪሳራ ያድናል።

የከተማ ነዋሪውም ድርሻ አለው። በተለይ በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ሲበዛ ከመዳፍ የማይበልጥ ዓሣ ጭምር ለገበያ ይቀርባል። ገዢ ያጣ ትንሽ ዓሣ በቀጣዩ ጊዜ አይጠመድም፤ ጠባቡ መረብም ትርፍ ማስገኘቱን ያቆማል። የመረቡን ልክ የሚመርጠው አስጋሪው ቢሆንም፣ ምርጫው የሚጸናው ሸማቹ ለደረሰው ዓሣ ብቻ ሲከፍል ነው።